ሦስተኛው ገመድ፤ የዲጂታል ቪዲዮ መቅጃና የቤት ውስጥ መረብ ታሪክ

ቴሌቪዥንን ጣቢያው ባስተላለፈበት ሰዓት ሳይሆን ተመልካቹ በተመቸው ሰዓት የማየት ልማድ በየቤቱ የገባው በቪዲዮ ካሴት መቅጃ አማካይነት ነው። ሶኒ ኩባንያ ቤታማክስ የተባለውን መሣሪያ በ1975 ለገበያ አቀረበ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጄ.ቪ.ሲ. ቪ.ኤች.ኤስ. የተሰኘውን አስከተለ። የፊልም ኩባንያዎች መብታችን ተነካ ብለው የመሠረቱት ክስ ብዙ ዓመት ከተጓተተ በኋላ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 17 ቀን 1984 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ አንድ ሰው በቤቱ የቀዳውን ፕሮግራም ቆይቶ ቢመለከተው ሕግ እንዳልጣሰ ወሰነ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካሴት መቅጃው ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በሁለት ገመዶች ብቻ ነበር፤ በኤሌክትሪኩና በአንቴናው። ስለዚህም ሲበላሽ ጥፋቱ ወይ ከሣጥኑ ውስጥ ወይ ከሁለቱ ገመዶች በአንዱ ላይ ይገኝ ነበርና፣ ጠጋኙ ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያቆም አስቀድሞ ያውቃል። ከመሣሪያው ጋር ሲነሣ የኖረው ትልቁ እንከን ባለቤቱ ሰዓቱን ሳይሞላው መቅረቱ ነበር። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር 12፡00 እያለ ብልጭ ድርግም የሚለው ቁጥር ለብዙ ዘመን መቀለጃ ሆኖ ኖሯል።

ካሴቱን የተካው ዲጂታል ቪዲዮ መቅጃ ግን ሦስተኛ ገመድ አስፈለገው። ዛሬ በዚሁ ስም የጥበቃ ካሜራዎችን ምስል የሚያከማቸው ሣጥንም ይጠራል፤ እዚህ የሚነገረው ግን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስለሚቀዳው ነው። ይህ መሣሪያ ምስሉን በኤምፔግ-2 ስልት ጨምቆ በሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ በመተላለፍ ላይ ያለውንም ፕሮግራም ለጊዜው ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል። ከሁሉ የሚበልጠው አዲስ ነገር ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ «በዚህ ጣቢያ፣ በዚህ ሰዓት» ብሎ ማዘዙ ቀርቶ የሚወደውን ተከታታይ ፕሮግራም በስሙ ይመርጣል፤ ፕሮግራሙ ሰዓት ቢለውጥም መሣሪያው ተከታትሎ ይቀዳዋል። ይህን ለመሥራት በመጪዎቹ ቀናት በየጣቢያው ምን እንደሚተላለፍ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል። ሠንጠረዡም በየጊዜው ከኩባንያው ዘንድ መምጣት አለበት። እንግዲህ ሦስተኛው ገመድ የሠንጠረዡ መምጫ መንገድ ነው። የካሴት መቅጃው ሞኝ ቢሆንም ብቻውን መኖር ይችል ነበር፤ ይኸኛው ግን ብልኅነቱ ሁሉ በብድር የመጣ ነውና ገመዱ ሲቋረጥ ብልኅነቱም አብሮ ያልቃል።

የዚህ መሣሪያ ዋና ፈጣሪዎች ጂም ባርተንና ማይክ ራምሴይ ናቸው። ሁለቱም በሲሊኮን ግራፊክስ ኩባንያ ያገለገሉ መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ ታይም ዋርነር በፍሎሪዳ ግዛት በኦርላንዶ ከተማ በዲሴምበር 1994 በከፈተው «ፉል ሰርቪስ ኔትወርክ» በተባለው ሥራ ላይ ልምድ ያገኙ ነበሩ። ያ ሥራ ፊልሞችን በማዕከል አከማችቶ ተመልካቹ በጠየቀ ጊዜ በኬብል ወደ ቤቱ ለመላክ የታቀደ ነበር። ቴክኒኩ ቢሠራም ወጪው ሊቻል ስላልቻለ በ1997 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሁለቱ መሐንዲሶች ቴሌወርልድ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ይኸውም በኋላ ቲቮ ተብሎ የታወቀው ነው። በመጀመሪያ ያሰቡት የቤት ውስጥ መረብን፣ ማለት የቤት ኔትወርክን፣ የሚያገለግል መሣሪያ ለመሥራት ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ይህን ሐሳብ ትተው ፕሮግራም በዲስክ ወደሚቀዳ ሣጥን ዞሩ።

ታሪኩን የሚከታተል ሰው እዚህ ላይ ቆም ሊል ይገባዋል። ለቤት መረብ ተብሎ የተወጠነው ሐሳብ በማርች 1999 ከፋብሪካ ሲወጣ የመረብ መሰኪያ አልነበረውም። ፊሊፕስ የሠራው ይህ የመጀመሪያው ሣጥን 54 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የፓወር ፒ.ሲ. አንጎለ-ሥሌትና 16 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ነበረው፤ የሚመራውም በሊነክስ ነበር። አንዱ ዓይነት 14 ሰዓት፣ ሌላው 30 ሰዓት ያህል ይቀዳል። ከኩባንያው ጋር የሚገናኘው ግን በሴኮንድ 33.6 ኪሎቢት በሚያሳልፍ የስልክ ሞደም ነበር።

ይህን ምርጫ ዛሬ እንደ ጉድለት መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። በ1999 ፈጣን የኢንተርኔት መስመር ያለው የአሜሪካ ቤት ጥቂት ሲሆን፣ የስልክ መስመር ግን በየቤቱ ማለት ይቻላል ነበረ። ከዚህም በላይ የስልክ መስመር ባለቤት አለው። ከማዞሪያው እስከ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ያለው ሽቦ የአንድ ኩባንያ ኃላፊነት ስለሆነ፣ በሣጥኑ ፋንታ አንድ ተራ ስልክ ሰክቶ የመደወያውን ድምፅ በመስማት ብቻ ጥፋቱ የሣጥኑ ይሁን የመስመሩ መለየት ይቻላል። ለብልሽት ፍለጋ ከዚህ የበለጠ ቀላል መፈተኛ አይገኝም።

ሣጥኑ በመጀመሪያ ነፃ በሆነ ቁጥር ደውሎ የአካባቢውን ቁጥሮች ዝርዝር ያመጣል። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ በመረጠው ቁጥር በየዕለቱ ገደማ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ እየደወለ ሁለት ሳምንት ለሚያህል ጊዜ የሚበቃውን ሠንጠረዥ ይቀበላል፤ ሰዓቱንም ያስተካክላል። ስለዚህ ብልጭ የሚለው 12፡00 በዚህ መሣሪያ ላይ አልታየም። በሠንጠረዡ ርዝመት ምክንያት ግን ሌላ፣ ከዚያ የሚከብድ ችግር ተወለደ።

የሁለት ሳምንቱ ስንቅ የተዘጋጀው ለደግ ነው። አንድ ሌሊት ጥሪው ባይሳካ፣ ሁለትና ሦስት ሌሊትም ቢጨናገፍ፣ ባለቤቱ የሚጎድልበት ነገር የለም። ነገር ግን ያው ስንቅ ብልሽቱን ይሸሽጋል። መስመሩ ዛሬ ተቋርጦ መቅዳቱ የሚቆመው ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሆነ፣ ባለቤቱ ምክንያቱን የሚፈልገው በዛሬውና በትናንቱ ሥራ ውስጥ ነው። እርሱ ግን ከአሥር ቀን በፊት የቤት ዕቃ ሲያዛውር ሽቦውን ነቅሎ ይሆናል፤ ወይም የአካባቢው ስልክ ከሰባት አኃዝ ወደ አሥር አኃዝ አደዋወል ተሸጋግሮ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው በሣጥኑ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ቢወጣም፣ መሣሪያው መልካም ሲሠራ እያየ ይህን ገጽ የሚከፍት ጥቂት ነው። በኢንዱስትሪ ውስጥ የሠራ መሐንዲስ ይህን ጠባይ ከጄኔሬተር የነዳጅ ታንክና ከውኃ ጋን ያውቀዋል፤ መጠባበቂያ ያለው ሁሉ ጥፋቱን ዘግይቶ ይናገራል።

በስልኩ ዘመን የታዩት ብልሽቶች አብዛኞቹ ተራ ነገሮች ነበሩ። ጥሪ መጠባበቂያ የተባለው አገልግሎት በመካከል ጢጥ ሲል ሞደሙ መስመሩን ይለቃል፤ ለዚህ ኮከብና 70 በቅድሚያ እንዲደወል በማዘዝ መድኃኒት ይገኛል። የአካባቢ መለያ ቁጥር ሲጎድል ወይም ሲበዛ ጥሪው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ፈጣን ኢንተርኔት በዚያው በመዳብ ሽቦ ላይ፣ በኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. ስልት፣ መምጣት ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ተወሳሰበ። የድምፁ ክፍል ከ4 ኪሎኸርዝ በታች፣ የኢንተርኔቱ ክፍል ከዚያ በላይ ሆኖ አብረው ስለሚጓዙ፣ በየስልኩ መሰኪያ ላይ ማጣሪያ ማድረግ ግድ ነው። ባለቤቱ ስልኮቹን ሁሉ አጣርቶ ከቴሌቪዥኑ ኋላ የተሰካውን ሣጥን ሲረሳው፣ ኢንተርኔቱ ሌሊት ሌሊት ሣጥኑ በሚደውልበት ሰዓት ይናጋል፤ ቀን ግን ምንም አይታይበትም። ከዚህም አልፎ ቤተሰቡ የመዳቡን ስልክ ትቶ በኢንተርኔት የሚሄድ ስልክ ሲያስገባ፣ ለሰው ድምፅ የተሠራው የመጭመቂያ ስልት የሞደሙን ዜማ ያበላሸዋል፤ የፓኬቶች መዘግየትና መጉደልም ይጨመርበታል። የመደወያው ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ቢነጋገርበት ጥርት ያለ ነው፤ ሞደሙ ግን አይግባባም። ያ ቀላል መፈተኛ፣ ተራ ስልክ ሰክቶ ማድመጥ፣ በዚህ ጊዜ ዋጋውን አጣ።

ወደ መረቡ የተደረገውን ጉዞ የጀመሩት የኩባንያው ሰዎች ሳይሆኑ ትርፍ ጊዜያቸውን በመሣሪያው ላይ ያዋሉ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሣጥን በውስጡ ለፋብሪካ መፈተኛ የሚያገለግል የካርድ መሰኪያ ጠርዝ ነበረው፤ መሪ ሥርዓቱም ሊነክስ በመሆኑ ምንጩ ለሁሉ ክፍት ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ተጠቅመው የኢተርኔት ካርድ በሣጥኑ ውስጥ ያስገቡ፣ ድራይቨሩንም የጻፉለት ነበሩ። በተለይ በአውስትራሊያ ጉዳዩ ከትርፍ ጊዜ ሥራ ያለፈ ነበር። በዚያ አገር ኩባንያው አገልግሎት የጀመረው በ2008 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሣጥኑን ከውጭ ያስመጣ ሰው የሚደውልበት ቁጥር አልነበረውም፤ የምስሉም ስልት ፓል እንጂ የአሜሪካው አልነበረም። ሳምባ የተባለውን የታወቀ ፕሮግራም የጻፈው አንድሩ ትሪጅል መሣሪያው በአውስትራሊያ እንዲሠራ በማድረጉ ሥራ ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የመረቡ ገመድ ምቾት ሳይሆን ሕልውና ነበር።

የቲቮ ተፎካካሪ የነበረው፣ አንተኒ ዉድ የመሠረተው ሪፕሌይ ቲቪ፣ በ2001 ባወጣው 4000 በተባለው ሣጥን ላይ የኢተርኔት መሰኪያ ከነማስታወቂያው ይዞ ቀረበ። ባለቤቱ የቀዳውን ፕሮግራም በኢንተርኔት ለሌላ ባለ ሣጥን መላክ እንዲችል ስለፈቀደና ማስታወቂያን በራሱ ስለሚዘልል ግን ታላላቆቹ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ወዲያው ከሰሱት። በወቅቱ ባለቤቱ የነበረው ሶኒክ ብሉ በማርች 2003 የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ሣጥኑን የገዛው አዲስ ባለቤትም ሁለቱን ነገሮች አነሣቸው። በ1984 ለካሴቱ የተሰጠው ፍርድ ስለ ሁለት ገመዶች እንጂ ስለ ሦስተኛው የተናገረው ነገር አልነበረም።

ቲቮ በጥንቃቄ ተራመደ። በ2002 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ የዩ.ኤስ.ቢ. መሰኪያ ብቻ ነበረው። በ2003 ደግሞ በ99 ዶላር የሚሸጥ ተጨማሪ አገልግሎት መጣ፤ በአንዱ ክፍል የተቀዳውን በሌላው ክፍል ማየት፣ ከሩቅ ሆኖ መቅጃውን በኢንተርኔት ማዘዝ፣ በኮምፒዩተር ያለውን ሙዚቃና ፎቶግራፍ በቴሌቪዥኑ ማሳየት ተቻለ። መሣሪያው ግን በልቡ አሁንም ስልክ ደዋይ ነበር። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ነገር አለ፦ ገና በሚተከልበት ጊዜ በስልክ ፈንታ በመረቡ እንዲሄድ ለማድረግ፣ የስልክ ቅድመ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ላይ ነጠላ ሰረዝ፣ የመሰላል ምልክትና 401 ማስገባት ያስፈልግ ነበር። ስልክ የሌለው ሰው ስልክ አለመኖሩን ለሣጥኑ የሚነግረው በስልክ ቁጥር ነበር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያላወቀ ባለቤት ገመዱ፣ ራውተሩ፣ አድራሻው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ሣጥኑ የመደወያ ድምፅ አጣሁ ሲለው ግራ ይገባው ነበር።

በዚህ ትውልድ ላይ የደረሰው ከባዱ ጣጣ ግን የዩ.ኤስ.ቢ. አስማሚው ነው። ሣጥኑ የሚያውቃቸው በውስጣቸው የተወሰነ ቺፕ ያላቸውን አስማሚዎች ብቻ ነበር። ሠሪዎቹ ደግሞ የዕቃውን ስምና ማሸጊያ ሳይለውጡ ቺፑን ይለውጣሉ፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በጀርባው ላይ በደቂቅ ፊደል በተጻፈው የሥሪት ቁጥር ነው። ስለዚህ ጎረቤቱ ገዝቶ የሠራለትን ዕቃ በዚያው ስም የገዛ ሰው ላይሠራለት ይችላል። በመጀመሪያው ሣጥን ቢሆን ድራይቨሩን የሚጨምር ባለሙያ ይገኝ ነበር። ሁለተኛው ትውልድ ግን ሲነሣ የፕሮግራሙን ፊርማ አረጋግጦ ያልተፈረመውን አላስነሣም ይላል። ይህ አሠራር በነፃ ሶፍትዌር ሰዎች ዘንድ ከኩባንያው ስም በወጣ ቃል «ቲቮይዜሽን» ተባለ፤ ጁን 29 ቀን 2007 የታወጀው ሦስተኛው የጂ.ኤን.ዩ. አጠቃላይ ፈቃድ ይህን የሚከለክል አንቀጽ ይዞ ወጣ። የሊነክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በዚህ አንቀጽ አልተስማማም፤ ሊነክስም በቀድሞው ፈቃድ ጸንቶ ቀረ። ክርክሩ የሕግና የፍልስፍና ይመስላል፤ ለባለ ሣጥኑ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ የገዛውን አስማሚ እንዲሠራ ለማድረግ ዕውቀቱ ቢኖረውም ሥልጣኑ የለውም።

ገመድ አልባውን መረብ በሚመለከት ደግሞ የሚከፈለው ዋጋ የቤቱ ጸጥታ ነበር። ዌፕ የተባለው የምስጢር መጠበቂያ ስልት ደካማነት በ2001 በፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር ጥናት ተጋልጦ፣ በ2003 ደብልዩ.ፒ.ኤ. ተተክቶበታል። ነገር ግን ቀደምቶቹ አስማሚዎች በሣጥኑ ላይ የሚያውቁት ዌፕን ብቻ ነበር። በዚያን ዘመን የተለመደው ራውተር ሁለት ስልት በአንድ ጊዜ የማያስተናግድ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ወይ መቅጃውን ከመረቡ ማውጣት፣ ወይ የቤቱን ኮምፒዩተሮች ሁሉ ወደ ተሰበረው ስልት መመለስ ነበረበት። ኩባንያው በ2005 የራሱን አስማሚ ካወጣ በኋላ ግን አዲሱ ስልት ሊገባለት ቻለ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የተለወጠው ዋና ነገር የኃላፊነቱ ድልድል ነው። የስልኩ መስመር አንድ ባለቤት ነበረው፤ የቤት ውስጥ መረብ ግን የለውም። የመቅጃው ኩባንያ ለሣጥኑ፣ የኢንተርኔቱ ኩባንያ እስከ ሞደሙ ድረስ ላለው መስመር፣ የራውተሩ ሠሪ ለራውተሩ ይናገራሉ። እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ፈትኖ ደኅና ነው ሲል እውነቱን ነው፤ ብልሽቱ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ በመገጣጠሚያው ላይ ነው። መገጣጠሚያውን የሚያውቀው የቤቱ ባለቤት ብቻ ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ ለዚህ ሙያ አልሠለጠነም።

ስለሆነም ልምድ ያላቸው ሰዎች ያዳበሩት የፍለጋ መንገድ ነገሩን ከታች ወደ ላይ በደረጃ የመለየት ነው። በመጀመሪያ ከመሰኪያው አጠገብ ያለው መብራት ይበራል ወይ? ካልበራ ጉዳዩ የገመድ ነው፤ ስለ አድራሻ መጨነቅ ከንቱ ድካም ነው። ከበራ ሣጥኑ የያዘው አድራሻ ይታያል። ከ1997 ወዲህ ባለው የዲ.ኤች.ሲ.ፒ. ደንብ መሠረት አድራሻን የሚያድለው ራውተሩ ሲሆን፣ በማንኛውም መሣሪያ ላይ ከ169.254 የሚጀምር አድራሻ ሲታይ አዳዩን አላገኘሁምና ለራሴ ሰጠሁ ማለቱ ነው። አንዳንዱ ባለቤት ለዘለቄታው ብሎ አድራሻውን በእጁ ይወስናል። ራውተሩ በሌላ ሲተካ የቤቱ አድራሻ ከ192.168.0 ወደ 192.168.1 ይዞራል፤ ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ተከትለው ሲዞሩ መቅጃው ብቻውን በድሮው ሰፈር ይቀራል። የሁለት ሳምንቱ ስንቅ ሲያልቅ ባለቤቱ አዲሱን ራውተር አስቀድሞ ረስቶታል። ከአድራሻ በኋላ ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት፣ ከዚያ የኩባንያው አገልጋይ መልስ መስጠቱ ይመረመራል። ሣጥኑ ሲገናኝ በማሳያው ላይ በየተራ የሚያወጣቸው የደረጃ ቃላት፣ መዘጋጀት፣ መገናኘት፣ መረጃ ማምጣት፣ ያመጣውን ማሰናዳት፣ ለዚህ ሥራ ከማናቸውም የስሕተት ቁጥር የበለጠ ጠቃሚዎች ናቸው፤ የት ላይ እንደቆመ ይናገራሉና። የመጨረሻው ደረጃ በቀርፋፋው አንጎለ-ሥሌት ላይ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ተበላሸ ብሎ ኤሌክትሪኩን የነቀለና ሥራውን ከሥሩ ያስጀመረ ባለቤትም ጥቂት አልነበረም።

ከእነዚህ ሁሉ ብልሽቶች ለመሐንዲስ የሚጥመው፣ ለባለቤቱ ግን የሚያስመርረው፣ ግንኙነቱ ተሳክቶ መረጃው የማይመጣበት ነው። የኢተርኔት ፓኬት ቢበዛ 1500 ባይት ይይዛል። ብዙ የኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. ኩባንያዎች ግን ደንበኛን ለመለየት በ1999 የወጣውን ፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ. የተባለ ደንብ ይጠቀሙ ነበር፤ ይህም ለራሱ 8 ባይት ወስዶ ለተጓዡ 1492 ብቻ ይተዋል። ከሩቅ አገልጋይ የመጣ 1500 ባይት የሞላ ፓኬት በዚህ ጠባብ በር ላይ ሲደርስ አያልፍም። በ1990 በወጣው ደንብ መሠረት በረኛው «ይበዛብኛል፣ አሳንስ» ብሎ ለላኪው መልእክት ይመልሳል፤ ላኪውም አሳንሶ ይልካል። ይሁን እንጂ ለጸጥታ ሲሉ የዚህን ዓይነት መልእክት ሁሉ በደፈናው የሚከለክሉ አስተዳዳሪዎች አሉ። መልእክቱ ካልደረሰ ላኪው ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደግሞ ደጋግሞ ይልካል፤ በሩም ደጋግሞ ይጥለዋል። ሰላምታውና ድርድሩ በትናንሽ ፓኬቶች ስለሚካሄዱ አለምንም ችግር ያልፋሉ። ስለዚህ ሣጥኑ ተገናኝቻለሁ ይላል፤ መረጃውን ማምጣት ይጀምራል፤ ከዚያ ዝም ይላል። መብራቱ በርቷል፣ አድራሻው ትክክል ነው፣ ፒንግ የተባለው መፈተኛም በትንሽ ፓኬት ስለሚሠራ መልስ ያገኛል። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ፍለጋ እያንዳንዱን ደረጃ ደኅና ብሎ አልፎ ጫፍ ላይ ይደርሳል። መድኃኒቱ የተገኘው ራውተሩ በግንኙነቱ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበትን የጭነት ልክ ወደ 1452 ባይት ዝቅ አድርጎ እንዲያሳልፍ በማድረግ ነው፤ ከ1492 ላይ የሁለቱ ራስጌዎች 40 ባይት ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ነው። በኋላ የወጡት ራውተሮች ይህን በራሳቸው ስለሚሠሩት ብልሽቱ ከተረሳ ቆይቷል።

ሠንጠረዥን ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ ምስልን ማመላለስ ሌላ። ጥሩ ጥራት ያለው ተራ ምስል በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ያህል ይወስዳል ቢባል፣ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም 18 ቢልዮን ቢት ይሆናል። ይህን በመጀመሪያው ሣጥን ሞደም ለመላክ ከ6 ቀን በላይ፣ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ኢተርኔት ግን 3 ደቂቃ ይበቃል። በ1999 የወጣው ገመድ አልባ ስልት በስሙ 11 ሜጋቢት ቢሆንም በተግባር የሚያሳልፈው የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ አንዱን ክፍል ከሌላው ለማገናኘት ዳር ላይ ይደርሳል፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሲበራ ደግሞ ይወድቃል። በሴፕቴምበር 2006 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ የኢተርኔት መሰኪያን በራሱ ይዞ በመምጣቱ የአስማሚው ጣጣ ተወገደ፤ ነገር ግን ይኸው ሣጥን ከፍተኛ ጥራት ያለውን ምስል ስለሚቀዳና የአንዱ ጣቢያ ሥርጭት ብቻ በሴኮንድ እስከ 19.39 ሜጋቢት ስለሚደርስ የመረቡ ጉድለት እንደገና ታየ። በግድግዳ ውስጥ የኢተርኔት ገመድ የተዘረጋለት መኖሪያ ቤት ደግሞ ጥቂት ነው።

መፍትሔው የመጣው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ገመዶች ከአንዱ ነው። ለኬብል ቴሌቪዥን ተብሎ በየክፍሉ የተዘረጋው ኮአክሲያል ገመድ በቤቱ ውስጥ መረብ ሆኖ እንዲያገለግል በ2004 የተቋቋመው ሞካ የተባለ የኩባንያዎች ኅብረት ደንብ አወጣ። ስልቱ ከ1125 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን ክፍል ስለሚጠቀም ከቴሌቪዥኑ ሥርጭት ጋር አይጋጭም። ቲቮ ከ2011 ጀምሮ በአንዳንድ ሣጥኖቹ ውስጥ አስገባው። ብልሽቱም ከገመዱ ጋር ዓይነቱን ለወጠ። በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ የቀሩት አሮጌ ማከፋፈያዎች እስከ 1000 ሜጋኸርዝ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ቴሌቪዥኑን ያለ እንከን ያሳልፋሉ፣ መረቡን ያንቃሉ። በቤቱ መግቢያ ላይ ማጣሪያ ካልተደረገ ሞገዱ ወደ ጎረቤት ይወጣል። ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ኮአክሲያሉንና ኢተርኔቱን ድልድይ ሆነው ካገናኙ ደግሞ ፓኬቱ በክብ እየዞረ መላውን የቤት መረብ ያጥለቀልቃል፤ ያን ጊዜ የሚወድቀው መቅጃው ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ኮምፒዩተር ሁሉ ነው።

ሦስተኛው ገመድ በሁለት አቅጣጫ እንደሚሠራ ሕዝቡ በሰፊው የተረዳው በፌብሩዋሪ 2004 ነው። በአሜሪካ የእግር ኳስ ፍጻሜ የዕረፍት ጊዜ ትርዒት ላይ የደረሰውን አነጋጋሪ ቅጽበት ተመልካቾች ከምንጊዜውም ይበልጥ መላልሰው እንዳዩት ኩባንያው ከሣጥኖቹ በሰበሰበው መረጃ ገለጠ። አብዛኛው ባለቤት ገመዱ የሚያመጣ እንጂ የሚወስድም መሆኑን አስቦት አያውቅም ነበር።

በገመዱ ማዶ ያለው ወገን ሲሄድ የሚሆነውም ታይቷል። በእንግሊዝ ከ2000 ጀምሮ ሲሸጥ የነበረው የመጀመሪያው ዓይነት ሣጥን አገልግሎቱ ጁን 1 ቀን 2011 ተቋረጠበት፤ በጎ ፈቃደኞች ግን ሠንጠረዡን ራሳቸው እያዘጋጁ ሣጥኖቹን ማገልገል ቀጠሉ። በአሜሪካም ኩባንያውን በ2016 ሮቪ ገዝቶት፣ የሠንጠረዡ አቅራቢ ሲለወጥ፣ የ1999ኙ ትውልድ ከሴፕቴምበር 29 ቀን 2016 በኋላ ሠንጠረዥ እንደማያገኝ ተነገረ፤ ለዕድሜ ልክ የከፈሉ ባለቤቶች 75 ዶላር ተሰጣቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ያገለገለ ሣጥን፣ ዲስኩ እየዞረ፣ ሞደሙ የመደወያውን ድምፅ እየሰማ፣ ስንቁ እስኪያልቅ ድረስ ቀዳ። ቲቮ በኦክቶበር 2025 መቅጃ ሣጥኖችን መሸጥ ማቆሙን ሲያረጋግጥ፣ ቀድሞ ለተሸጡት ድጋፉ እንደሚቀጥል ገልጿል።